የአባዬ ቀበቶ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ? ያ የበሩ ደረጃ አሁንም ያስቸግርሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደስታዬ ከአፌ ተርፎ ወረቀት ላይ ፈሷል። መነጽርሽን አድርጊና ተቀምጠሽ አንብቢው። ተቀመጥሽ?

እማዬ፣ የዕቃ ቤት ሥራውን ከተውኩት ሁለት ዓመት ሆነኝ። የምሠራው የመብራት ሽቦ በሚሸከመው ታወር ላይ ነው። አዎ፣ አባዬ ወድቆ የሞተበት ሥራ፤ ሽቦ ብትነኪ የጠባሽው ጡት ይፋረድሽ ብለሽ ያስማልሽኝ። መሐላውን አፈረስኩት። ስለ ውሸቱ ይቅር በይኝ፤ ስለ ሥራው ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

ይህች ከተማ እኮ በዓመቱ ልብሱ እንደሚያጥረው ልጅ ናት። ፎቁ ይበዛል፣ የድሮው መስመር አልችል ብሎ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። አዋላጇ ጎረቤቴ በስልክ መብራት ልጅ ተቀብላለች! እናም ከሩቅ ኃይል የሚያመጣ አዲስ መስመር ተዘረጋ፤ አርባ ሦስት ታወር። የመጨረሻውን ቡሎን አጥብቄ የወረድኩት እኔ ነኝ፣ እኔው ልጅሽ። ማክሰኞ ኃይል ተለቀቀበት፤ ፈረቃ ቀረ!

መጀመሪያማ ፎርማኑ፣ እትዬ፣ ላይ ነፋስ አለ፣ ይወስድዎታል ብሎኝ ነበር። ቢወስደኝም ወሬዬን አይችለውም፣ ራሱ ይመልሰኛል አልኩት። አሁን እትዬ ያላዩትን ታወር ተረክቤ አልፈርምም ይላል። ሰኞ ሌላ መስመር እንጀምራለን፤ ማንም ቢቆጣ እወጣለሁ።

አባዬ የወደቀ ቀን ታወር ላይ የሚታጠቀው ቀበቶ ቤት ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር አልረሳሁም። እኔ ሳልታጠቅ አንድ እግር አላነሳም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፣ ተውኩት። ባለፈው ከአንቺ ዘንድ ስመለስ ሻንጣዬን ብከፍት ያው ቀበቶ ከልብሴ ሥር ተጠቅልሏል፤ ቆዳው ቅባት ጠጥቶ ለስልሷል። ቀበቶው አርጅቷል፣ ነፍስ አይጣልበትም ብሎ ፎርማኑ ስለከለከለኝ የምንጠለጠለው በአዲሱ ነው፤ የአባዬን ደርቤ መፍቻዬን እሰካበታለሁ። አባዬ ወፍራም ስለነበር ሁለቴ ይዞረኛል ብዬ ነበር። ለካ አዲስ ቀዳዳ ተበስቶበታል። ልክ በወገቤ።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ክር እንኳ መርፌ ውስጥ አላስገባ አለኝ የምትይውን ዓይንሽንም ያቆይልኝ።

ሳትታጠቅ የማትወጣው
ልጅሽ