ከመጥሪያው የወጣችው ልጅ

ከሚሴ፣ ጥር 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ አንዋር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው የእኔ ፊት ብቻ ነው። በስልክ ልነግርህ ስላፈርኩ፣ ወደ ጅዳ የሚመለሰውን ካሚልን ይህን ደብዳቤ አድርስልኝ አልኩት።

የእህትህን የኢማንን የሰርግ መጥሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ፎቶ ቤት እየሠራሁ ለሌላ ልስጥ? አንድ የውጭ አገር ሙዚየም የድሮ ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ ለቆ፣ «ውሰዱ፣ እንደፈለጋችሁ አሳምሯቸው» ብሏል። ስፈልግ ስፈልግ የጎረቤታችን ከተማ የ«ሰንበቴ» ስም የተጻፈበት አገኘሁ። አንዲት ቆንጆ ሴት ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች፤ ትንሽ ልጅ ጉልበቷን ተደግፋለች። ያገሬ ሰው ብዬ ፈነጠዝኩ! ቀለም ሰጠኋት፣ ዓይኗን ኳልኳት፣ እጇን ሂና ቀባሁ፣ አንገቷን በዶቃ ሞላሁት። ልጅቷን ግን ቆርጬ አወጣኋት፤ ሙሽራ ከነልጇ አትሆንም ብዬ። መጥሪያው እስከ ጨፋ ሮቢት ተበተነ።

ለእናትህ ላስደንቃቸው ብዬ መጨረሻ ላይ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ ደግሞ አደረጉ።

«ይቺ እናቴ ናት» አሉ። «አባቴ ሞቶ ኢዳ ላይ ሳለች አንድ ፈረንጅ መጥቶ ያነሳን ነው።»

ያ አላህ! ባሏ የሞተባት ሴት ኢዳዋ፣ የሐዘን ጊዜዋ፣ እስኪያልቅ እንኳን ሂና፣ ኩልም አትነካም። እኔ ሙሽራ አድርጌ አገር ለአገር አዞርኳት፤ ያውም ለገዛ የልጅ ልጇ ሰርግ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

እግራቸው ላይ ወድቄ «አውፍ ይበሉኝ» አልኩ።

«ተነሺ እቴ፣ አብሽሪ። እሷስ አማረባት። ከአባቴ በኋላ ኩል ሳይነካት ነው የሞተችው» አሉና፣ ጣታቸውን ጉልበቷ አጠገብ፣ እኔ ልጅቷን አውጥቼ በአበባ የሸፈንኩት ቦታ ላይ አሳረፉ። «አኒስ ኤሳን ጅራ?»

ኦሮምኛው ስላልገባኝ በአማርኛ ደገሙልኝ። «እኔስ የት አለሁ?»

ወላሂ አንዋር፣ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ዋናውን ፎቶ አትሜ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ራስጌያቸው ሰቅለውታል። እሳቸው እንደ ድሮው ከእኔ ጋር ይስቃሉ፣ እኔ ነኝ ቀና ብዬ ማየት ያቃተኝ።

እናትህን ወንድምህ ሙሄ ዘንድ እናድርጋቸውና ለብቻችን እንኑር እያልኩ የነዘነዝኩህን፣ እባክህ እንዳልሰማህ ሁን። ለእሳቸውም በሞቴ አትንገራቸው።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፤ ሪዝቅህን ያስፋልህ፤ በጤና ያገናኘን፣ አሚን።

ያንተዋ ኢልሃም