ድምፁ ከፊት፣ ብልሽቱ ከኋላ

መስከረም 14
አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ጋራዥ። ሁለት የመኪና ካምቢዮ አውርደን አንዱን ገጠምን። አብሮኝ የሚሠራው ሙክታር አንገቴን አየና፣ “ሊካሳ፣ ሁለተኛ ጭንቅላት እያበቀልክ ነው እንዴ? ምናልባት ይኼኛው ያስብ ይሆናል” አለኝ። ሳቅሁ። በግራ በኩል ያለው ዕጢ ግን ዛሬም አልጎደለም። አያምም... የማያምም ነገር ይህን ያህል ለምን ያስፈራል?

ጥቅምት 5
ከአንገቴ በመርፌ የተቀዳው ናሙና ውጤት መጣ። የዕጢ ቲቢ ነው እያልሁ ራሴን ሳጽናና ነበር የከረምሁት። ካንሰር ነው።

ዶክተር ትበርህ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። “አንገትህ ላይ ያለው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ምንጩን ገና አላወቅነውም።”

ምንጩ ካልታወቀ በምን ይታከማል? ያልጠየቅሁትን መለሱልኝ፦ “ካላገኘነው ከአፍንጫ እስከ ጉሮሮ ሰፊ ቦታ በጨረር መምታት ይኖርብናል፤ ጉዳቱ ብዙ ነው። ካገኘነው ለይተን እንመታዋለን።”

ጥቅምት 9
ካዛንቺስ ታክሲ ተራ ቆሜ ለእናቴ ደወልሁ። “ድምፅህ ምነው?” ጉንፋን ነው አልኋት።

ጥቅምት 19
ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገቡ። ምንም አልታየም። ሲቲ ስካኑም እንዲሁ። አለቀ አልሁ በልቤ። ዶክተር ትበርህ ግን ወረቀቱን ወደ ጎን አደረጉ።

“ሊካሳ፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም ብለህ የተውከው ሌላ ነገር አለ?”

“የለም።”

“ቀስ ብለህ አስብ። አልቸኩልም።” ውጭ ስንት ሰው እየጠበቃቸው!

ግራ ጆሮዬ ከክረምት ጀምሮ እንደ ተደፈነ ነው። ጋራዡ ውስጥ ላሜራ ሲቀጠቀጥ ስለሚውል ነው ብዬ ትቼው ነበር። እያፈርሁ ነገርኋቸው።

“ላሜራው የሚቀጠቀጠው በየት በኩልህ ነው?”

“በቀኝ...”

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከአፍንጫ ጀርባ፣ የጆሮ ቱቦ ከሚከፈትበት አጠገብ፣ ደህና ከሚመስለው ሥጋ ሳይቀር ናሙና ሊወስዱ ነው።

ድምፁ ከፊት ይሰማል፣ ብልሽቱ ከኋላ ይገኛል። ስድስት ዓመት በመኪና ላይ የማውቀውን በራሴ አካል ላይ ሳትሁት። እሳቸው ካምቢዮ ነክተው አያውቁም፤ ከእኔ የተሻሉ መካኒክ ናቸው።

ኅዳር 2
ተገኘ! ከአፍንጫ ጀርባ፣ በግራ። የሰሊጥ ፍሬ ታህላለች አሉ። ካንሰር ተገኘብኝ ብሎ የሚደሰት ሰው አለ? ሙክታር “ለየልህ?” ሲለኝ አቀፍሁት። ለእናቴም እውነቱን ነገርኋት።

ጥር 8
ሃያኛው ጨረር። በፊቴ ልክ የተሠራውን ወንፊት መሳይ ጭምብል ከአልጋው ጋር ያጣብቁታል። መነቃነቅ የለም። አፌ ደርቋል፤ ሽሮው ካርቶን ካርቶን ይላል። ጭምብሉን የምታስርልኝ ማዕዛ፣ “የኔ ጌታ፣ እስከ አምስት መቶ ቁጠር፤ ሳትጨርስ እመጣለሁ” ትላለች። አንድ ቀንም አላታለለችኝም።

ሚያዝያ 21
ዕጢው ጠፍቷል። ካሜራውም ንጹሕ አሳየ። ዶክተር ትበርህ፣ “ለክትትል ብትቀር ጋራዡ ድረስ እመጣብሃለሁ” አሉኝ።

ዛሬ አንዲት እናት፣ መሪው ይንቀጠቀጣል ብለው መኪና አመጡ። ሙክታር ወዲያው ሊፈታው ጎንበስ ሲል ያዝሁት።

“እትዬ፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም ብለው የተዉት ሌላ ነገር አለ?”

“ኧረ የለም።”

“ቀስ ብለው ያስቡ። አልቸኩልም።”

ከዚያ እንደ ማፈር ብለው፣ በሹክሹክታ፣ “ከኋላ አንዳንዴ ሲጥ ሲጥ ይላል” አሉ።

በግራዬ፣ ተደፍኖ በነበረው ጆሮዬ በኩል ነበር የቆሙት። ሰማኋቸው።