ምስሉ የእኔ፣ ድምፁ ያንተ

ውድ ራጊብ፣

የፊልማችን የድምፅ ጥቅል በደኅና ደርሷል። የእህትህ ልጅ ከቱኒስ ያመጣችው ከቴምርና ከቃሪያ ድልህ ጋር በአንድ ሻንጣ ነው። የአየር ማረፊያው ፈታሽ ድልሁን ከፍቶ አሸተተና ጥቅሉን ዞር ብሎም ሳያየው አሳለፋት። አርባ ዓመት ሙሉ ዓለም ያሳድደዋል ብለህ የደበቅከውን ነገር ማንም እንዳልፈለገው ሳበስርህ ደስ እያለኝ ነው።

በጥቅሉ ምትክ ቃል የተገባልህም ተፈጽሟል። አንተ የጠየቅከው የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ በስምህ እንዲሰየም ነበር፤ ዲኑ መደርደሪያ ልስጥህ አለህ፤ ተስማማህ። ስምህ በናስ ተቀርጾ የፊልም ማስቀመጫው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተለጥፏል። ክፍሉ ቀዝቃዛ የሚሆነው ጀነሬተሩ ናፍጣ ሲያገኝ ነው። ናፍጣ ሲጠፋ ፊልሞቻችንም እንደ ቀረው የቤይሩት ሕዝብ በር አስከፍተው ነፋስ ይጠብቃሉ።

ሌላው ባልና ሚስት ሲለያይ አልጋና ሳህን ይካፈላል። እኛ የተካፈልነው አንድ ፊልም ነው። ቤይሩት በተከበበችበት በዚያ ነሐሴ መርከቦቹ የፍልስጤም ታጋዮችን ሊወስዱ ወደቡ ላይ ሲቆሙ አንተ ድምፁን ይዘህ ተሳፈርክ፤ እኔ ምስሉን ይዤ ቀረሁ። «በወር ውስጥ ይገናኛሉ» አልከኝ፤ ስለ ጥቅሎቹ መሆኑ ነው። ድምፁን ብቻህን ነበር ያቀናበርከው፤ ተቀናብሮ ካለቀ በኋላ እኔ አንድም ቀን አልሰማሁትም። ምስሉን የእናቴ ፍራሽ ውስጥ፣ ሱፉ መሃል ከተትኩት። የዩኒቨርሲቲው ፊልም ማስቀመጫ ውስጥ ተቀጥሬ መደርደሪያ እስካገኝለት ድረስ እናቴ «ባልሽ ሄዶም ጎኔን ይወጋኛል» እያለች ተኛችበት።

ኡም ናይፍን ታስታውሳታለህ? ሻቲላ የስደተኞች ካምፕ፣ ዳቦ መጋገሪያው በር ላይ ቆማ፣ ሊጥ በተለወሰ እጇ ወደ ካሜራው እየጠቆመች ረጅም ነገር የምትናገረዋን? ከኋላዋ የዱቄት ጆንያ ላይ የተጠቀለለች ሕፃን አለች። መርከቦቹ ከሄዱ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ መስከረም ላይ የካምፑ ሰው ሲታረድ ኡም ናይፍም አብራ ሄደች። ሕፃኗን አክስቷ ቀድማ ወደ ቤካ ሸለቆ ወስዳት ስለነበር ተረፈች። ሂያም ትባላለች፤ ዛሬ እዚያው ካምፕ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። እኛ ፊልሙን እስክናሳያት ድረስ የእናቷን ፎቶግራፍ እንኳ አይታ አታውቅም። ድምፅማ ከየት ታምጣ?

በየዓመቱ በእናቷ ሙት ዓመት የሰፈሩን አሮጊቶች አስከትላ ትመጣለች። ድምፅ የሌለውን ምስል አሳያቸዋለሁ፤ እነሱም ይከራከራሉ።

«ስለ ዱቄት መወደድ ነው የምታወራው። ከንፈሯን እዩዋ።»

«የምን ዱቄት ነው? የካሜራውን ሰውዬ እናት እየሰደበች ነው እንጂ።»

«ኡም ናይፍ ስትሳደብ በሁለት እጇ ነበር። ይሄ ምክር ነው።»

ሂያም ሁሉንም አዳምጣ በር ላይ ስንደርስ ያንኑ ትጠይቀኛለች። «ኑሃድ እህቴ፣ ያ ሰውዬሽ ጥቅሉን የሚልከው መቼ ነው?»

ባለፈው ሳምንት ጠራኋት። የባቅላዋ ጣፋጭ ካርቶን ይዛ፣ እንደ ሠርገኛ ለብሳ መጣች፤ አሮጊቶቹም ተከተሉ። ድምፁን ከምስሉ ጋር ገጥሜ መብራቱን አጠፋሁ። ኡም ናይፍ አፏን ከፈተች። የወጣው ያንተ ድምፅ ነው።

«ይህች እናት የቀሩትን ልጆቿንም ለምድሯ ለመስጠት ዝግጁ መሆኗን ለዓለም ታረጋግጣለች» አልክ።

ኡም ናይፍ የበኩር ልጇን ናይፍን ከቀበረች ገና ወሯ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያላት አንዲት ልጅ ናት። «የቀሩት ልጆቿ» ያልካት አንዷ ሂያም ጆንያው ላይ ተኝታለች። ከጎኔም ተቀምጣለች።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አለች አንዷ አሮጊት በጨለማው ውስጥ። «ባሏ እንኳ አንድ ነገር ተናግሮ ሳትቆርጠው ጨርሶ አያውቅም።»

ሂያም ወደ እኔ ዞረች። «አስወጪው።»

«አይቻልም፣ ሂያም። ፊልሙ የተሠራው እንዲህ ነው፤ እኛም የምንጠብቀው እንደተሠራው ነው።»

«እንግዲህ የምትጠብቁት እሱን ነዋ።»

 የሙያችን ሕግ እንዲህ ነው፤ አቧራ ያመጣውን ቆሻሻ እናጥባለን፣ አዘጋጁ ያመጣውን እናቆያለን።

ለዚህ ነው የደወልኩልህ። ካምፑ ውስጥ የቀዳሁት፣ ያንተ ንግግር ያልገባበት ቴፕ የት አለ አልኩህ። «ያኔ ባዶ ቴፕ እኮ አልነበረም ኑሃድ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ሌላ ንግግር ቀዳሁበት» አልክ። ምን ነበር የምትለው ስልህ፣ «ስለ ሊጥ መሰለኝ» አልክና ስለ መደርደሪያው ስፋት ጠየቅከኝ። እኔም አላስታውስም። ማይክሮፎኑን ይዤ ፊቷ ቆሜ ነበር፤ ድምፅ ቀጂ ግን ቃል አይሰማም፣ የድምፅ መለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር እንዳይነካ ነው የሚያየው። መርፌው ቀዩን አልነካም። በጣም ንጹሕ ቅጂ ነበር።

አንድ ነገር ግን አምልጦሃል። ያኔም ሲጋራ ታበዛ ነበር፤ ስለዚህ ንግግርህ መሃል ላይ አየር አጠረህና ተነፈስክ። በዚያች ክፍተት ጎርነን ያለ፣ የተቆጣ የሴት ድምፅ «ሂያምን…» ይላል። ወዲያው አብዮቱን ይዘህ ተመለስክ።

አሮጊቶቹ ክርክራቸውን ቀጠሉ። «ሂያምን ከፀሐይ አንሱልኝ ነው ያለችው።» «አይደለም፤ ሂያምን ዱቄት ላይ ማን አስተኛት ነው።» ሂያም ግን ያቺን ቦታ ደጋግማ አስደገመችኝ፤ ከዚያ ስልኳን አወጣች። የክፍላችን ደንብ መቅዳት ይከለክላል። እኔ ጀነሬተሩን ልየው ብዬ ወጣሁ።

አሁን መደርደሪያውን ልትመርቅ ትመጣለህ አሉ። ዲኑ ንግግር እንድታደርግ ይጋብዝሃል፣ አንተም እምቢ አትልም። ሂያም ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ቦታውን እኔው ይዤላታለሁ። እንደ ልማድህ ተናገር፣ ራጊብ፤ የሚከለክልህ የለም። እባክህ ግን፣ መሃል ላይ ተንፍስ።

ማይክሮፎኑን ይዛ የነበረችው
ኑሃድ