ማተቤ ላይ ያለው ቁልፍ

ኅዳር ፭ ቀን ፲፱፻፳፬

ፋሻ አሥራ ሁለት ጥቅል፣ አዮዲን ሦስት ጠርሙስ፣ ማስተኛ መድኃኒት አራት። ሁሉም በቦታው። ሠላሳ ዓመት ልጆች ፊደል ካስቆጠርሁ በኋላ አሁን የሐኪም ቤቱን ፋሻ እቆጥራለሁ... ፋሻ ግን አይረብሽም።

የሐኪሙ ረዳት ፉፋ ለኦፕራሲዮን ቤት ጥጥ ፈለገ። እንደ ደንቡ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቼ አስፈረምሁት። ጣቱን እያየ፣ "የኔታ፣ ለጥጥ እንዲህ ከሆነ ለመድኃኒቱ እግሬንም ሊያስፈርሙኝ ነው" አለ።

ኅዳር ፰

በላይነሽ፣ የኦፕራሲዮን ጨርቅ የምትቀቅለው፣ የመድኃኒቱን ቁምሳጥን ቁልፍ ማተቤ ላይ አየችው። "አብሮዎት ሊቀበር ነው?"

ሌላ የት ይቀመጣል? እስከ ዛሬ አንዲት መርፌ አልጠፋችም።

ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል

ቅዳሴ ላይ ሳለሁ ነጋዴው ሳሊህ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆሞ ሰው ላከብኝ። ወጣሁ።

"የኔታ፣ ሚስቴ ዙህራ ሦስት ቀን አማጠች። ሐኪሙ ሆዷን ሊቀድ ነው፤ ማስተኛው ግን ተቆልፎበታል።"

ቁልፉን ላወጣ ሞከርሁ። ቋጠሮው እምቢ... ራሴ ነኝ ያጠበቅሁት። ማተብ ደግሞ እንዴት ይበጠሳል?

"እንግዲያው አንገትዎን ይዘው ይምጡ" አለና በቅሎው ላይ ጫነኝ።

እንደ ታሰረ በሬ ቁምሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብዬ ከፈትሁ። ፉፋ ጠርሙሱን ነጥቆ ሮጠ። ይግረምህ ብሎ፣ እጄ ቀለሙን ፍለጋ ሄዶ ነበር።

ደጅ ቆየን። በኋላ ሕፃን አለቀሰ።

ኅዳር ፲፫

ዙህራ ነቅታለች። ፉፋ ቀስ ብሎ፣ "ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። እጇን ይዤላት ነበር" አለኝ። አልቀለደም። ቢቀልድ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር ፲፰

አዲስ ደንብ። ለአንድ ኦፕራሲዮን የሚበቃ መድኃኒት፣ ፋሻና ክር በበላይነሽ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ አስቀድሞ እዚያው ክፍል ይቀመጣል። ቁልፉ፣ ቋጠሮው በስንት ትግል ተፈትቶ፣ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ፣ ፉፋ በሚደርስበት ከፍታ። ጣት ማስፈረም ከሥራው በኋላ። መፈረሙስ አይቀርም።

ሳሊህ መጣ። ልጁን ሚፍታህ ብሎታል፤ በዐረብኛ ቁልፍ ማለት ነው አለኝ። "ይኼኛውን ግን አንገትዎ ላይ አያንጠልጥሉብኝ።"

ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን

ቅዳሴ ላይ ሦስት ጊዜ አንገቴን ዳሰስሁ። ማተቤ ብቻ... እስከ መጨረሻው ቆሜ አስቀደስሁ። የጠራኝ የለም።