አባቴን ከመኪናዬ በር ውስጥ አላወጣም

ለተከበሩ የተሽከርካሪዎች ምርመራ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለጆሮዎ። ጽሕፈት ቤትዎ ለከተማው ሕዝብ ጆሮ ሲል የሚደክመውን ድካም በዓይኔ ስላየሁ፣ ከሌላው አካልዎ ሁሉ ይልቅ የጆሮዎ ነገር ያሳስበኛል። ጎረቤቶቼ ዝም አይነቅዝም ብለው መክረውኝ ነበር። ምክራቸው ደግ ነው፤ ይሁንና እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር የሚነቅዝብኝ ነገር ስላለ፣ ክቡርነትዎን በአደባባይ ለማስቸገር ተገድጃለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ማንነቴን ላስቀድም። የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነኝ። ክቡርነትዎ በዘመንዎ ከተቀመጡባቸው ወንበሮች አንዱን እኔ ሰፍቼው ሊሆን ስለሚችል፣ ጨርሶ የማንተዋወቅ ሰዎች አይደለንም። መኪናዬ ትንሽ ናት፤ አርጅታለች፤ ቀለሟም እዚህም እዚያም ለቋል። ባለፈው ሰሞን ለዓመታዊ ምርመራ ወደ ግቢዎ ይዣት መጣሁ። ፍሬኗን አዩ፣ አለፈች። መብራቷን፣ ጎማዋን፣ መሪዋን፣ ጭሷን አዩ፣ አለፈች። ከዚያ አንደኛው መርማሪዎ የፊተኛውን በር ዘጋና ፊቱን አጠቆረ። የዚያች መኪና በር እንደ ሌሎቹ ቆርቆሮ በሮች ቋ ማለት ሲገባው ድም ብሎ ተዘጋበት። ቦሎ የተከለከልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ያች ድም ከየት እንደመጣች ለመናገር ስለ አባቴ መናገር ግድ ይለኛል። አባቴ በወጣትነቱ በአንድ የሠርግ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ከኋላ ቆሞ ስለማይነቃነቅ ጓደኞቹ ምሰሶው ይሉት ነበር። ባንዱ በዕድሜው አንድ ካሴት ብቻ ቀረጸ፤ ከዚያ ዘፋኙ ወደ ንግድ ገባ፣ ከበሮ መቺው አገር ለቀቀ፣ ሁሉም በየፊናው ተበተነ። ካሴቱ ግን ከእኛ ከልጆቹ ጋር እኩል ቤታችን ውስጥ አደገ። በትንሿ ሬዲዮናችን ስንከፍተው ዘፋኙ አለ፣ ሳክስፎኑ አለ፣ ከበሮው አለ፣ በሁለተኛው ዘፈን መሐል ያስነጠሰው ሰውዬ እንኳን አለ፤ አባቴ የለም። ትንሽ ስፒከር ወፍራም ድምፅ ማውጣት አቅሙ አይደለም። እናቴ ቀልደኛ ስለሆነች እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ፎቶው ላይ አለ፣ ካሴቱ ላይ ግን የለም፣ ያን ቀን ወዴት ሄዶ እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገረኝም ትላለች። አባቴ ይስቃል፤ እኛም እንስቃለን። አሁን ጣቶቹ ደርቀው ክር መጫን አይችሉም፣ ጊታሩም ከቤታችን ከወጣ ቆየ።

መኪናዬ ከፋብሪካ ይዛ የመጣችው ስፒከር ደግሞ ከሬዲዮናችንም የባሰ ነበር። የበሩን የውስጥ ሽፋን ስፈታ ያገኘሁት የሻይ ማስቀመጫ ሰሃን የምታህል፣ እርጥበት ጠርዟን የበላት ወረቀት ናት። ከኋላዋ ባዶ ቆርቆሮ አለ፤ ከቆርቆሮው ፊት የተቀደደ ላስቲክ አለ። ሙዚቃ ሲከፈት የሚሰማው ዘፋኙ በአፍንጫው ሲዘፍንና በሩ ሲንቀጫቀጥ ብቻ ነው። እኔም የበር ሽፋን መፍታትና መግጠም የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ካቻቢቴዬን አነሳሁ። ከሱቄ ጎን ያለው የቴፕ ጠጋኝ፣ እሱም ሦስት ጊዜ ቀጥሮኝ ሦስቴም ቀርቶ በአራተኛው የመጣ ሰው ነው፣ ሽቦውን ዘረጋልኝ። የበሩን ቆርቆሮ ከውስጥ ድምፅ በሚያፍን ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ለበጥነው፤ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈንን፤ ደህና ስፒከር አሰርን፤ ከፊተኛው ወንበር ሥር ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ጠፍጣፋ ሳብዉፈር አስቀመጥን። ካሴቱን ወደ ፍላሽ አስገለበጥኩና አባቴን ከፊት፣ እናቴን ከኋላ አስቀምጬ በሩን ዘጋሁ።

ክቡርነትዎ፣ አባቴ መጣ። ከመጀመሪያው ዘፈን ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ ነበረ። ዘፋኙ ሲሳሳት ጠብቆት ይመልሰዋል፤ ከበሮው ሲቸኩል ይይዘዋል፤ ሁሉም በእሱ ላይ ቆመው ነው የሚዘፍኑት። እናቴ ዘፈኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ ከኋላ ሆና ወደ አባቴ ወንበር ተጠጋች። ከዚያ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን የት ነበርክ ብላ ጠየቀችው። አባቴ ፊቱን ሳያዞር፣ ከታች ነበርኩ አላት። እሱ አላለቀሰም። እኔ ግን መሪውን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ታሪኩ ይኸው ነው። እንግዲህ ጽሕፈት ቤትዎ ስላደረገልኝ ነገር ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. ስለ ልኬቱ ጥበብ አመሰግናለሁ። መርማሪዎችዎ መኪናዬ የመንገዱን ሰላም ታውክ እንደሆነ ለማረጋገጥ አራቱንም በሮችና የኋላውን ሻንጣ ወለል አድርገው ከፈቱ። አንደኛው የገዛ ራሱን ፍላሽ ከኪሱ አውጥቶ ሰካ፤ ትከሻ የሚያስነቅል ጭፈራ መረጠ፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘ፤ ጥቂትም ወዘወዘ። ሌላው መለኪያውን ስፒከሩ አፍ ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረው። ድስት ከፍቶ አፍንጫን ከውስጥ ከትቶ ሰፈሩ ሁሉ ሸተተ እንደማለት ነው። በሮቹን ዝጉና ከመንገዱ ሆናችሁ ስሙ ብዬ ለመንኳቸው። በሩ የታፈነው እኮ ድምፁ ከውስጥ እንዲቀር ነው፤ ከፋብሪካ በመጣው በር ጊዜ ዘፈኔን የሚሰማው መንገደኛው ነበር፣ አሁን የምሰማው እኔ ነኝ አልኳቸው። መመሪያው በር ዝጉ አይልም ተባልኩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል ነበር፤ የእኔን በር ግን ሦስት ሰዎች እየተፈራረቁ ነቅንቀውታል።

2ኛ. ስለ ውሳኔው ግልጽነት አመሰግናለሁ። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ወደነበረችበት ይዞታ ትመለስ ይላል። ደስ ይለኛል። ነገር ግን ፍሬኗም፣ ጎማዎቿም፣ የፊት መስታወቷም ከፋብሪካ የመጡት አይደሉም፤ ወንበሮቿን ከነስፖንጃቸው የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ እነዚህን ሁሉ ደግሞ መርማሪዎችዎ አይተው አሳልፈዋል። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ እኔ ማባዣ ገና አልሸመደድኩም ነበር። ሁላችንም ወደነበርንበት እንመለስ ከተባለ እኔም ወደ ሁለተኛ ክፍል ልመለስ፤ ክቡርነትዎስ ወዴት ይመለሳሉ?

3ኛ. ድምፅ ጤናን ይጎዳል እያለች በየሰፈሩ ስለምትዞረው የጽሕፈት ቤትዎ መኪናም አመሰግናለሁ። ከጣሪያዋ ላይ ካሉት ሁለት ማጉያዎች የአንዱ ብሎን ላልቶ ስለሚንቀጫቀጥ፣ ድምፅ የሚለውን ቃል ሕፃን ከእንቅልፉ እስኪነሳ እንሰማዋለን፤ ጤና የሚለው ግን አይደርሰንም። ብሎኑን ከሱቄ በነፃ ልሰጥ ዝግጁ ነኝ።

4ኛ. ይህኛው ቀልድ አይደለም። ከግቢዎ በር ማዶ፣ በላስቲክ ጥላ ሥር የሚቀመጥ፣ ሁላችንም አከራዩ የምንለው ሰው አለ። እሳት ማጥፊያ የሌለው ከእሱ ተከራይቶ ገብቶ ይመረመራል፤ ሲወጣ ይመልሳል። ትርፍ ጎማም፣ የአደጋ ሦስት ማዕዘንም እንዲሁ። ምክትልዎ ቸር ሰው ናቸውና ወደ ጥግ ጠርተውኝ፣ እህቴ ለምን ራስሽን ታደርቂያለሽ፣ ከአከራዩ የፋብሪካ ስፒከር ተከራዪና ለዛሬ ግጠሚ፣ ማታ የራስሽን መልሺ፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ላደርገው ነበር። ሥራ ፈትቼ ቆሜያለሁ፤ ደንበኛም ይጠብቀኛል፤ ለግማሽ ቀን ማን ይሞታል ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን አብሮኝ መጥቶ የነበረው አባቴ አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር። ኮፍያውን አስተካከለና፣ ልጄ፣ የሚያስቸግርሽ ከሆነማ አውጪው፣ እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ አለኝ።

ለምጄዋለሁ አለ፣ ክቡርነትዎ። ዕድሜውን ሙሉ ከገዛ ካሴቱ ላይ መጥፋትን ለምዶታል። በእንግዳ ፊት እየሳቀ ለምዶታል። እኛም ከእናቴ ጋር አብረን ስቀንበታል፣ ይህ አሁን ያንገበግበኛል። ከዚያ ቃል በኋላ ለግማሽ ቀን ቀርቶ ለግማሽ ዘፈን ያህል አላወጣውም። ምክትልዎን አመስግኜ ካቻቢቴዬን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩ።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ከንዴቴ የተነሳ ጠፋኝ።

በውሳኔው መሠረት መኪናዬ ከግቢዎ ፊት ለፊት ካለው መቆሚያ እንዳትነቃነቅ ታዝዛለች። ትእዛዙን አክብሬያለሁ። ጥቅል ቆዳና ስፖንጅ በትከሻዬ ተሸክሜ በአውቶቡስ እመላለሳለሁ፤ ሹፌሩም ዕቃሽ ከአንቺ ይበልጣል እያለ ለሁለት ሰው ሊያስከፍለኝ ይከጅለዋል። መንዳት ተከልክያለሁ፤ መቀመጥ ግን አልተከለከልኩም፣ ወንበሩም የገዛ እጄ ሥራ ስለሆነ ይመቸኛል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ስጨርስ አባቴና እናቴ ይመጣሉ፤ ሦስታችን እንገባለን፤ በሩን ዘግተን ካሴቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንሰማለን። በመጀመሪያው ቀን የግቢዎ ጥበቃ በደጃችን ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና መስታወቱን አንኳኳ። ሦስት ሰዎች ያለ ምንም ድምፅ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቶ፣ አባቴን ሕመም ጀምሯቸው እንደሆነ ሊጠይቅ ነው የመጣው። መኪናዋን ተደግፎ ቆሞ ምንም አልሰማም ነበር። ከመርማሪዎችዎ መለኪያ ይልቅ እኔ የምተማመነው በዚህ ሰው ጆሮ ነው። አሁን ፈረቃውን ሲጨርስ ከእናቴ ጎን ይቀመጣል፤ ሦስተኛውን ዘፈን ድገሙልኝ ይላል፤ እናቴም ያን ጊዜ፣ ይሄ ከታች ያለው ባለቤቴ ነው ብላ ታስተዋውቀዋለች። ከእንግዲህ ካሴቱ ላይ የለም አትልም።

ስለዚህ አቋሜን በአጭሩ ላሳውቅዎ። አላወጣውም። መኪናዋ እዚያው ቆማ ጎማዋ ይበስብስ እንደሆነ ይበስብስ፤ ሣርም ይብቀልባት። ተጎትታ ትወሰድ እንደሆነ እኛም ውስጧ ተቀምጠን እንጎተታለን፤ አባቴ በዚህ ዕድሜው በነፃ ሽርሽር ቢያገኝ ቅር አይለውም። ይህ ሁሉ ከሚሆን ግን አንድ ልመና አለኝ። መለኪያውን ይዘው እርስዎ ራስዎ ይምጡና ይግቡ፤ የፊተኛው ወንበር ይለቀቅልዎታል። በሩን ይዝጉ። አባቴ ከዚያ ውስጥ መኖሩን ካልሰሙ ብሎኖቹን እኔው በእጄ እፈታቸዋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየጠየቅኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ስፌቱም እንዳይተረተር ከልብ እመኛለሁ።

ከማይላላ አክብሮት ጋር
የምሰሶው ልጅ
ከደጅዎ የቆመችው ቦሎ አልባ መኪና ባለቤት

ግልባጭ፦
ለምክትል ኃላፊው፣ ስለ ቅን ምክራቸው
ለእናቴ፣ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለጠቅላላ እውቀት ያህል አከራዩን ምን ዓይነት የፋብሪካ ስፒከር እንዳለው ጠይቄው ነበር። በጨርቅ የተጠቀለሉ አራት አወጣና፣ እነዚህን መርማሪ ደፍሮ አይጥላቸውም፣ ከኃላፊው ከራሳቸው መኪና በሮች የወጡ ናቸው፣ ሹፌራቸው በምትካቸው ከነሳብዉፈሩ ደህና አድርጎ አስገጥሞ ነው የሰጠኝ አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ክቡርነትዎ አልሰሙ ይሆናል፤ እንኳን ደስ አለዎት። ስፒከሮቼ ይመለሱ ብለው እንዳይደክሙ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ለተከራዮች ተይዘዋል። የካሴታችንን ቅጂ በፍላሽ አድርጌ ለጥበቃው ትቼልዎታለሁ። ዛሬ ወደ ቤትዎ ሲሄዱ በርዎን ይዝጉና ካሴቱን ይክፈቱት፤ ዘፋኙን ይተዉት፣ ከታች ያለውን ያዳምጡ። በእርስዎ መኪና በደንብ ይሰማል። ከሰሙት በኋላም አውጪው የሚሉኝ ከሆነ የት እንደቆምን ያውቃሉ።