ከላይ የተሰካው የአባቴ ፎቶ

ጥር 6፣ ጠዋት

ዛሬም አመጧቸው። ፊቴን እየታጠብኩ በር ተንኳኳ። አባባ መሐል፣ ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይዘው። የጠፉትን አባትሽን አገኘንልሽ ይሉኛል፣ ኩራታቸው! ከየት? ከገበያ። በርበሬ ሲመርጡ። አባባ ቀጥ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ልጆቹን አመሰገንኩ። ምን ላድርግ? ልባቸው ደግ ነው። የምቃጠለው በእነሱ አይደለም።

ያው ቀን፣ ማታ

ማስታወሻዬ፣ ካልጻፍኩት ያፍነኛል። አባባ ጠፍተው አያውቁም። ኅዳር ላይ ደብረ ወርቅ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው አረፈ፤ ለቀብር ሄዱ፣ እዚያው አደሩ። ስልካቸው ባትሪ ጨረሰ። እኔ ለሥልጠና ደ/ማርቆስ ነበርኩ። ወንድሜ ደሳለኝ ከአዲስ አበባ ቢደውል ቢደውል አጣቸው፤ ደነገጠ፤ የቢቸናና የሞጣ ሰው በስልክ የሚወያይበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ለጠፋቸው። ፎቷቸው፣ የቢቸናው ሰፈራችን፣ ከሥሩ ደግሞ፦ የመርሳት ችግር አለባቸው፣ ያያችሁ ይዛችሁ ወደ ቤት አድርሱልን።

የመርሳት ችግር! ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው! ያስተማሩትን ሁሉ እስከ አያቱ ስም የሚጠሩ! ሰው ቶሎ እንዲነቃነቅ ብዬ ነው አለኝ ደሳለኝ። በማግስቱ አባባ በሰላም ገቡ። እሱም «ተገኝተዋል፣ እናመሰግናለን» ብሎ ከሥር ጻፈ። አለቀ አልን።

የት አባቱ ያልቃል።

ጥር 7

መድረኩን የሚያስተዳድረው ሰው፣ አድሚኑ፣ ፖስቱን ፒን አድርጎታል፣ ከላይ ሰክቶታል። እስከ ዛሬ ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ ዛሬ በምሳ ሰዓት የምሠራበት ፋርማሲ ጭር ሲል ቁጭ ብዬ አየሁት። ሌላው ፖስት አዲስ በመጣ ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል፣ ይረሳል። የተሰካው ግን አይወርድም። ዛሬ የተመዘገበ ሰው መድረኩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የአባቴን ፊት ነው፣ ዛሬ ጠዋት የጠፉ ይመስል። ቀኑን ማን ያያል? «ተገኝተዋል» የምትለዋ ደግሞ «እግዚአብሔር ያገናኛችሁ» በሚል ኮሜንት ክምር ሥር ተቀብራለች። ደሳለኝ ሊያጠፋው ሞከረ፤ አልሆነም። አንዴ ከተሰካ ለጻፈውም አይታዘዝም፣ የሚያወርደው አድሚኑ ብቻ ነው። አድሚኑ ሞጣ ነው። ጻፍኩለት። በትሕትና። ዝም።

ጥር 10፣ ከተራ

ታቦት ወጥቷል። ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሷል። አባባ ቤት ናቸው። ኩታቸውን አጥቤ፣ ተኩሼ ወንበር ላይ አድርጌላቸው ነበር። ይነሡ እንጂ አባባ፣ ሰዓቱ አለፈ እኮ አልኳቸው።

«በታቦት ፊት እንደ ሌባ ክንዴን የሚይዘኝ ሰው አልፈልግም» አሉኝ።

ኩታው እንደታጠፈ ቀረ። እኔም ቀረሁ። ከሩቅ እልልታው ይሰማል። አባቴ ከተራ ቀርተው አያውቁም። አያውቁም!

ጥር 13

አድሚኑ መለሰ፣ ይኸው ነው መልሱ። ፖስቱ መድረኩ ለአረጋውያን ያለውን ክብር ያሳያል። ብዙ ሰው የተመዘገበው እሱን አይቶ ነው። የእርስዎ አባት የሁላችንም አባት ናቸው። መጨረሻ ላይ የተጋጠሙ መዳፎች ምስል።

ክብር! ለአባባ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ስልኩን ተቀበሉኝ። ከሰዓቱን ሙሉ በጣታቸው ወደ ታች፣ ወደ ታች። ከዚያ ጠሩኝ። ብዙ ወርዶ አንድ ፖስት አለ፤ ብርቄ የምትባል የግንደወይን ሴት። ወንድሟ መስማትም መናገርም አይችልም። ገበያ እንደወጣ አልተመለሰም። ከታኅሣሥ ጀምሮ! ፎቶው ደብዛዛ ነው። ከሥሩ አንድ ኮሜንት፣ እሱም የሞባይል ሽያጭ ማስታወቂያ።

አባባ «ቦታዋን ይዤባት ነው» አሉ። እርስዎ አይደሉም፣ እነሱ ናቸው ብላቸው አልሰሙኝም። ደወሉላት። መስማት የማይችል ሰው መንገዱን እንዴት ብሎ ይጠይቃል ብላ አለቀሰች። ነገ ሞጣ እሄዳለሁ አሉ።

ጥር 14፣ ማታ

ሞጣ ደርሰን መጣን። ከመኪና ስንወርድ አንዲት እናት የአባባን እጅ ያዙ፤ እርስዎ እኚያ የጠፉት አባት አይደሉም? አባባ ቀስ ብለው እጃቸውን አላቀቁ፣ አመሰገኑ። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

አድሚኑ የስልክ ጥገና አለው፣ ጠባብ ሱቅ። ቀና ብሎ አባባን ሲያይ ከወንበሩ ዘለለ።

«እንዴ! ተገኙ?!»

እግዜር ያሳይህ ማስታወሻዬ! የሰካው እሱ፣ ትናንት የመለሰልኝ እሱ! ጮህኩበት። የሱቁ ደንበኞች ዞሩ። አባባ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ከእኔ ሥር ያለውን አንብበሃል?» አሉት።

«ጋሼ፣ ብዙ እኮ ነው፤ ሁሉንም አላነብም።»

«እኔ ይኸው ቆሜያለሁ። ያ መስማት የማይችለው ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። እኔን አንሣኝና እሱን ሰካው።»

የእርስዎን ያህል ሰው የሚያየው የለም፣ ሲነሣ መድረኩ ይቀዘቅዛል ብሎ ጀመረ አድሚኑ። ከደንበኞቹ አንዱ፣ ስልክ ሊያሠሩ የመጡ ቄስ፣ የምን መቀዝቀዝ ነው፣ ሰው ጠፍቶ! አሉት። ያኔ አንገቱን ደፋ። ነካ ነካ አደረገ። አባባ ከላይ ወረዱ። የብርቄ ወንድም ወጣ። የወሰደበት ጊዜ ውኃ ከመጠጣት አይበልጥም። ለዚህ ነው አባቴ ከተራ የቀሩት!

ይቅርታ ጠየቀን። አባባ ተቀበሉት። እኔ እንጃ።

ጥር 16

ብርቄ ደወለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሞጣ አንድ ወፍጮ ቤት ጆንያ የሚያወርድ መናገር የማይችል ሰው አለ ብለው ጽፈውላታል። ስሙን የሚያውቅ የለም። ፎቶው ደብዛዛ ስለሆነ «እሱ ነው»፣ «አይደለም» እየተባባሉ ነው። ብቻዬን ሄጄ እሱ ባይሆን እንዴት እመለሳለሁ አለች። አባባ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ፣ እኛ አለን አሏት።

እሱ ካልሆነ ፖስቱ እዚያው ከላይ ይቆያል፤ አድሚኑ ይሞክርና ያውርደው! እሱ ከሆነ ደግሞ ያኑ ዕለት ሱቁ በር ላይ ቆሜ በዓይኔ እያየሁ አስወርደዋለሁ። አንድ ቀን አያድርም። ለፋርማሲው ባለቤት ነገ አልገባም ብያለሁ። በመጀመሪያው መኪና ግንደወይን፣ ከዚያ ብርቄን ይዘን ወደ ሞጣው ወፍጮ ቤት።