ደረጃውን ስለ ጠበቀው የውዳሴ መጫወቻ

ለክቡር አቶ እንዳለው
የከተማችን ማዘጋጃ ቤት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ጤንነትዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ጉልበትዎንና ወገብዎን አምላከ ቅዱሳን እንዲጠብቅልዎ ዘወትር እለምናለሁ፤ በርስዎ ዘመን ጉልበት የሌለው ሰው በከተማችን የሚደርስበት ቦታ እየጠበበ መምጣቱን በዓይኔ ስላየሁ ነው። እኔ ከገበያው ጀርባ ቅመማ ቅመም የምሸጠው አስካለ ማርያም ነኝ። ቢሮዎ ስመጣ ስብሰባ ላይ፣ ተመልሼ ስመጣ ደግሞ ከስብሰባው አርፈው ስለማገኝዎ፣ ምስጋናዬን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ለጥፌ በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ስል ከመጀመሪያው ልነሣ። ልጄ ውዳሴ እግሮቿ አይታዘዙላትም ነበር። ዘመድ ከቡሬ ባመጣልን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሌሎች ልጆችን ጨዋታ ከሩቅ እያየች ነው ያደገችው፤ ዥዋዥዌው ጋ የሚያደርሰው መንገድ ድንጋይና ጉድጓድ ስለነበር "እማየ፣ የኔ ተራ መቼ ነው?" ትለኝ ነበር። አምና በክረምት ሳምባ ምች ወሰደብኝ። ዐርባዋ እንዳለፈ የእድራችን ሰዎች መጥተው ምን እናድርግልሽ ቢሉኝ፣ ሐውልት አልፈልግም፣ ማንም ልጅ ተራ የማይነፈግበት መጫወቻ ሥሩልኝ አልኋቸው።

ሠሩልኝም። ጎረቤቴ፣ የጨርቅ ነጋዴው አቶ ጠሃ፣ እንጨቱን ሰጡ። ዥዋዥዌው መደገፊያና መታጠቂያ ያለው ወንበር ሆነ፤ ዓይኑ ለማያይ ልጅ እየዳሰሰ የሚሄድበት ገመድ ተዘረጋ፤ ሜዳው ከመንገዱ ከፍ ስለሚል ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋበት ለስላሳ ዳገት በአፈርና በጠጠር ተደለደለ። የውዳሴን ወንበር የአቶ ጠሃ ልጅ ሙስሊማ ወረሰችው፤ እሷንም እግሯ አይሸከማትም። መጀመሪያ ዥዋዥዌው ላይ የተቀመጠች ዕለት ስትስቅ ሰምቼ፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስሁት።

ይህ ሁሉ ያለ ማዘጋጃ ቤቱ ርዳታ መሠራቱ ቅር ስላሰኘዎ ሊያግዙን መጡ። ስለ እገዛዎ ያለኝ ምስጋና በተራ ቁጥር የሚከተለው ነው።

1ኛ. ስለ ስሙ። "የውዳሴ መታሰቢያ" የሚል ሰሌዳ ለማቆም ፈቃድ ስጠይቅ፣ ባለሙያዎ መታሰቢያ የሚቆመው ለሰማዕታት መሆኑን በትሕትና አስረድተውኝ፣ ሟቿ በየትኛው ግንባር እንደ ተሰዋች ጠየቁኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር ስላቸው ጥቂት አሰብ አድርገው፣ ታዲያ በዚያ ዕድሜዋ ማን አዘመታት አሉኝ። ልጄን ከሞተች በኋላ ታጋይ ሊያደርጉልኝ ስላሰቡ አመሰግናለሁ፤ በርግጥም ታግላለች፣ ትግሏ ግን ከሳምባ ምች ጋር ነበር።

2ኛ. ስለ ደረጃው። ይህ ትልቁ ውለታዎ ስለሆነ ረዘም ቢልብኝ አይፍረዱብኝ። እርስዎ በመሩት ጉባኤ ላይ መጫወቻው "ደረጃውን የጠበቀ" እንዲሆን በሙሉ ድምፅ መወሰኑን ስሰማ፣ ልጄ እንደ ሰው ተቆጠረችልኝ ብዬ ኮርቼ ነበር። ውሳኔው ግን ከጠረጴዛዎ ተነሥቶ ግንበኞቹ ጋ ሲደርስ፣ አለቃቸው አቶ ደጀኔ ሜዳውን ዞር ዞር ብለው አይተው የሚጠበቅ ደረጃ ስላላገኙ፣ አንድ ሊሠሩለት ቆረጡ። የእድርተኛውን ዳገት በዶማ ናዱት፤ በቦታው ጎልማሳ ሰው እንኳ መሀል ላይ ቆሞ የሚተነፍስበት የሲሚንቶ ደረጃ ደረደሩ። ሮጬ ደርሼ ምን እያደረጉ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "እኔ ምን ላድርግ እቴ፣ ደረጃውን ጠብቅ ተባልሁ፣ ደረጃ ሠራሁ" አሉኝ። አልተቀየምኋቸውም፤ በዚህች ከተማ ሁሉም ነገር የሚሆነው እንዳለው ነውና። ደግሞም ከእንግዲህ ቅኔ ለመስማት ዋሸራ ድረስ መድከም ቀርቶልናል፤ ማዘጋጃ ቤታችን ራሱ መዝረፍ ጀምሯል። ቅኔ ማለቴ ነው።

3ኛ. ስለ መፍትሔው። ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ የሰጡንን መልስ ሳስታውስ አሁንም ይገርመኛል። ዳገቱ በሕዝብ ጉልበት የተሠራ ስለነበር መፍረሱ ልማት ሆነ፤ ደረጃው ግን በመንግሥት በጀት የተሠራ ስለሆነ መነካቱ ወንጀል ነው ተባልን። ከጎኑ ሌላ ዳገት እንደልድል ስንልም በሚመጣው በጀት ዓመት ጥናት ይደረግበታል አሉን፤ እስከዚያው ግን ሙስሊማን ተሸክማችሁ አስገቧት ብለው መከሩን። አቶ ጠሃ ሱቃቸውን እየዘጉ መጀመሪያ ልጅቱን፣ ተመልሰው ደግሞ ወንበሯን ሲያወጡ ሰነበቱ። አንድ ቀን ልጅቱ ወንበሯን ሱቄ በር ላይ አቁማ "አባቴን ወገቡን ያመዋል፣ እኔ ይቅርብኝ" አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ፤ ተናድጃለሁ። ልጄን የቀበርሁ ቀን እንኳ እንዲህ አልተናደድሁም፤ ያ የእግዜር ሥራ ነበር።

4ኛ. ስለ ቁልፉ። ለግንቦት ሃያ በዓል እስኪመረቅ ሣሩ እንዳይረገጥ ተብሎ በሩ ተቆልፏል። ሣሩ በጣም አምሮበታል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከደረጃው ጎን ዳገቱን መልሰን እንድንደለድል ይፍቀዱልን። አፈሩም፣ አካፋውም፣ ጉልበቱም የእድራችን ነው፤ ጥናቱንም ሙስሊማ በወንበሯ ወጥታ ወርዳ ታደርግልዎታለች። ፈቃዱ ካልተገኘ ደግሞ በምረቃው ቀን አንጮኽም፣ የሚያስከስስ ነገርም አንናገርም። ሙስሊማንና ጓደኞቿን አልብሰን፣ ጸጉራቸውን ሠርተን፣ ከደረጃው በታች እናስቀምጣቸዋለን። እርስዎም ሪባኑን ለመቁረጥ ሲወጡ እያንዳንዳቸውን አልፈው ይሄዳሉ።

ሥልጣንዎን ያስረዝምልዎ፣ ከፍታዎንም ያብዛልዎ እያልሁ፣ ከሲሚንቶው ደረጃ ግርጌ ሆና ወደርስዎ የምታንጋጥጠው፣ የውለታዎ ባለዕዳ፣

አስካለ ማርያም
የውዳሴ እናት
ሚያዝያ 2003 ዓ.ም.

ሳልረሳው፦ ሊጠይቁዎ ከገጠር የመጡት ወላጅ እናትዎ እማሆይ እህተ ማርያም ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ፀሐዩ ስለበረታባቸው ከደረጃው ጫፍ ባለው በሜዳው በር ጥላ ሥር ሊያርፉ አስበው ነበር። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ እግራቸውን አሳርፈው ጉልበታቸውን ያዙና መልሰው አወረዱት። ከሙስሊማ ወንበር አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀምጠን ውኃ ሰጠናቸው። ሥራው የማን እንደሆነ አላወቁም፤ ወደ ላይ አየት አድርገው፣ "ይኸን ያሠራው ማን ነው እቴ? እናት የለውም?" አሉን። መልሱን ለርስዎ ትተነዋል።